የእንስሳት ሐኪም የዕድሜ ልክ ትምህርት፤ ከካራቆሬ ሲታይ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ከደጋው ከወረደ በኋላ የይፋትን ቆላ ይይዝና ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን እያቋረጠ ካራቆሬ ይደርሳል። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ የመንዝና የግሼ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ መሬቱ ወደ አዋሽ ተፋሰስ እያዘቀዘቀ እስከ አፋር በረሃ ድረስ ይዘረጋል። የካራቆሬ ስም በዓለም የሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ የገባው በ1953 ዓ.ም. የጎረቤቷን የመጀቴን ከተማ ባፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ግን ይህችን ከተማ በሌላ ምክንያት ሊያስቧት ይገባል።

ካራቆሬ ሁለት የእርባታ ሥርዓቶች የሚገናኙባት ስፍራ ናት። ከደጋው በኩል በሬውን ጠምዶ የሚያርስ፣ በግና ዶሮ የሚያረባ ገበሬ አለ። ከቆላው በኩል ግመሉን፣ ከብቱንና ፍየሉን እየነዳ ውሃና ሣር ተከትሎ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር አለ። በደረቁ ወራት የአፋሩ፣ የኦሮሞው፣ የአርጎባውና የአማራው መንጋ በቦርከና ወንዝ ዳር ባለው የጨፋ ረግረግ አካባቢ ይሰበሰባል። በሰንበቴ የእሑድ ገበያና በባቲ የሰኞ ገበያም የደጋውና የቆላው እንስሳ በአንድ ሜዳ ላይ ቆሞ ይሸጣል፤ ይለወጣል። መንጋ በሚገናኝበት ስፍራ ሁሉ በሽታም ይገናኛል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ጠዋት የታረሰበት በሬ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚያስል ግመል ቢቀርብለት ሊደንቀው አይገባም።

የዛሬው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የተመደበ ባለሙያ ከትምህርት ቤት ከወጣ አሥር ወይም ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በሙያው ውስጥ የተለወጠውን ነገር ማን ይነግረዋል? እርሱስ ያየውን ለማን ይነግራል? በኢንተርኔት አማካይነት የተገኙት የትምህርትና የምክክር መንገዶች ለዚህ ጥያቄ ምን ያህል መልስ ይሰጣሉ?

ሀ. ዕውቀትም ማጠናከሪያ ይሻል

ክትባት የሚሰጠው የመከላከል ኃይል ከጊዜ በኋላ እንደሚደክም ከዚህ ጉባኤ ላለ ሰው ሊነገረው አያስፈልግም። የባለሙያ ዕውቀትም እንዲሁ ነው። የሚደክመው ግን ሐኪሙ ስለሚረሳ ብቻ አይደለም፤ የተማረለት ዓለም ራሱ ስለሚለወጥ ነው እንጂ።

ለምሳሌ የቆዳ ጉርብርብ በሽታን መመልከት ይበቃል። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 በአገሪቱ ምዕራብ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው አካባቢ ነበር። ከዚያ ዓመት በፊት የተመረቀ ሐኪም በሽታውን ያውቀው እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ነው፤ በአገሩ ከብት ላይ አይቶት አያውቅም። ዛሬ ግን ጉርብርብ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል የታወቀ በሽታ ሆኗል።

የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታም ታሪኩ ከይፋት ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ1977 በአፋር ፍየሎች ላይ የበሽታው ምልክት ታይቶ ተጠርጥሮ ነበር፤ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠው ግን በ1991 ነው። ከጥርጣሬው እስከ ማረጋገጫው 14 ዓመት አለፈ። ከዚያም በ1995 እና በ1996 በኢትዮጵያ ግመሎች ላይ ብርቱ የመተንፈሻ አካል በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች ከመንሥኤዎቹ አንዱ ይኸው የበግና የፍየል በሽታ ቫይረስ ሳይሆን እንዳልቀረ አመለከቱ። ስለ በግና ስለ ፍየል ብቻ ተብሎ የተማሩት ትምህርት በግመል ደጃፍ ላይ ጥያቄ ገጠመው ማለት ነው። በ2015 በአቢጃን ከተማ የጸደቀው ዓለም አቀፍ ዕቅድ ይህን በሽታ እስከ 2030 ድረስ ከምድር ገጽ ለማጥፋት የተለመ በመሆኑ፣ የይፋትና የአፋር ባለሙያዎች በዚህ በሽታ ላይ ያላቸው ዕውቀት ትኩስ ሆኖ መቆየቱ የአገር ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የመድኃኒት ነው። በከብት ገንዲ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ዲሚናዚንን በልበ ሙሉነት ይወጋል። ግመልን የሚያጠቃው ግን ትሪፓኖሶማ ኢቫንሲ የተባለው ተሕዋስ ነው፤ የሚያስተላልፉትም የቆላ ዝንብ ሳይኖር በየስፍራው የሚገኙ ተናካሽ ዝንቦች ናቸው። ዲሚናዚንም ሆነ ኢሶሜታሚዲየም በግመል ሰውነት ላይ የመመረዝ ጉዳት ሊያደርሱ ስለሚችሉ፣ ለግመል የሚመረጡት ኩዊናፒራሚንና ሜላርሶሚን ናቸው። ይህን ልዩነት ያልሰማ ሐኪም በቅን ልቡና የአንድን ቤተሰብ የኑሮ ምሰሶ ሊገድል ይችላል። ግመሉ የሞተበት አርብቶ አደርም ከዚያ በኋላ ወደ ጤና ኬላው ተመልሶ አይመጣም፤ ጎረቤቱንም «አትሂድ» ይለዋል።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። በዚህ ሙያ ውስጥ ካለመጠየቅ የሚቀረው ግን የሐኪሙ ሹመት ሳይሆን የሰው ከብት ነው።

ለ. የቀድሞው መንገድና ያስተማረው ነገር

የኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና ተቋማት ዕድሜ ረጅም አይደለም። የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በደብረ ዘይት እ.ኤ.አ. በ1964፣ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ1974፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም እዚያው ደብረ ዘይት በ1979 ተቋቋሙ። ፋኩልቲው ከመከፈቱ በፊት አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች በውጭ አገር የተማሩ ነበሩ። ከምረቃ በኋላ የነበረውም የትምህርት መንገድ ጥቂት ነው። ዓመታዊ ጉባኤ፣ የማኅበሩ መጽሔት፣ ከመሥሪያ ቤት የሚላክ ማስታወቂያ፣ አልፎ አልፎም ጥቂት ሰዎች ተመርጠው የሚካፈሉበት የአጭር ጊዜ ሥልጠና ነበር። መጽሔቱ ወረዳ እስኪደርስ ወራት ያልፉ ነበር፤ ሥልጠናውንም ያገኘው ሰው ተመልሶ ለጓደኞቹ ካላካፈለ ዕውቀቱ ከማስታወሻ ደብተሩ አይወጣም ነበር።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ይህ ሙያ በዓለም ታሪክ ከፈጸማቸው ሥራዎች ሁሉ ታላቁ የተፈጸመው በይፋት ደጃፍ ነው። የደስታ በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት ሊጨርስ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር፤ «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወሰውንም ረኃብ አስከተለ። ከመቶ ዓመት በኋላ በዘመቻ ክትባት ከአብዛኛው አገር ቢጠፋም በአፋር ቆላ ተደብቆ ቀረ። ምክንያቱም የታወቀ ነው። የቀድሞው ክትባት ከማቀዝቀዣ መለየት ስለማይችልና የመንግሥት ከታቢ ቡድን ከመኪና መንገድ ብዙ ርቆ ስለማይሄድ፣ ከብቱ ካለበት የሚደርስ አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው ከሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል ከማቀዝቀዣ ውጪ ለ30 ቀናት ያህል ሊቆይ የሚችል ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተገኘ። በሌላ በኩል ከአፋሮች መካከል የተመረጡ የኅብረተሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሠለጠኑ። በ1994 እ.ኤ.አ. 20 የሚሆኑ እነዚህ ሠራተኞች 73,000 ከብቶች ከተቡ፤ ደማቸው ሲመረመርም ከመቶው 83ቱ የመከላከል ኃይል አግኝተው ተገኙ። የደስታ በሽታ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 በዚያው በአፋር ነው። አገሪቱ በ2008 ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ በይፋ ተነገረ።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ርእስ የሚጠቅም ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ዕውቀት የሚጠቅመው ከማዕከል ወጥቶ መንጋው ካለበት ሲደርስ ነው። ክትባቱ ያለ ማቀዝቀዣ መጓዝ እንዲችል ሆኖ እንደ ተሠራ ሁሉ፣ ትምህርትም ያለ መብራትና ያለ መስመር መጓዝ እንዲችል ሆኖ መሠራት ይኖርበታል። ሁለተኛው፣ ዕውቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ነገር አይደለም። አፋሩ ከብቱ የት እንዳለ፣ በሽታው መቼ እንደ ታየ፣ የማን መንጋ ከማን መንጋ ጋር እንደ ተቀላቀለ ያውቅ ነበር፤ ሐኪሙ ደግሞ ስለ ቫይረሱ ያውቅ ነበር። በሽታው የጠፋው ሁለቱ ዕውቀቶች በተገናኙ ጊዜ ነው።

ሐ. በኢንተርኔት የመጣው አዲስ መንገድ

በሌላው ዓለም የእንስሳት ሐኪሞች በኮምፒዩተር መስመር ተገናኝተው መመካከር የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው የእንስሳት ሐኪሞች የመረጃ መረብ ሐኪሞች ያስቸገራቸውን በሽተኛ ጉዳይ ለባልደረቦቻቸው እያቀረቡ ከልዩ ባለሙያዎች ምክር የሚያገኙበት፣ ትምህርትም የሚከታተሉበት የአባላት ተቋም ነው። በ1994 ደግሞ ፕሮሜድ የተባለው አገልግሎት ተጀመረ፤ ይኸውም በየአገሩ የሚነሣውን የሰውና የእንስሳ ወረርሽኝ ዜና አጣርቶ ለሚፈልገው ሁሉ በነጻ የሚያዳርስ ነበር።

ለድሃ አገሮች ታስበው የተሠሩም አሉ። በ1999 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቲኤል የተባለውን ስብስብ አወጣ። ይህም በሺህ የሚቆጠሩ የእርሻና የእንስሳት ሳይንስ ጽሑፎችን በዲስክ ላይ አከማችቶ ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች የሚያቀርብ ነበር። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አጎራ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ፤ በዚህም የድሃ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ውድ የሆኑ የሳይንስ መጽሔቶችን በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ ማንበብ ቻሉ። ከ1955 ጀምሮ በመጽሐፍ ሲታተም የኖረውና ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው የመርክ የእንስሳት ሕክምና መመሪያም ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትና የምግብና የእርሻ ድርጅቱ በሽታን ስለ መለየት፣ ስለ ወረርሽኝ ምርመራና ስለ ሕጋዊ አሠራር በኢንተርኔት የሚሰጡ ትምህርቶችን አዘጋጅተዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጉባኤዎችን ሁሉ ባስቆመ ጊዜ ይህ መንገድ ተጨማሪ ከመሆን አልፎ ለብዙዎች ብቸኛው መንገድ ሆኖ ነበር።

በአገራችንም ቢሆን ባለሙያው መመሪያ ሳይጠብቅ የራሱን መንገድ አብጅቷል። በአንድ ዓመት የተመረቁ ጓደኞች፣ በአንድ ዞን የሚሠሩ ሐኪሞች፣ አንድ ላይ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በቴሌግራም ተሰባስበው ይጠያየቃሉ፤ መጻሕፍትና የመድኃኒት መጠን ሰንጠረዥ ይለዋወጣሉ፤ የታመመ ከብት ፎቶግራፍ ልከው «ይህ ምን ይመስላችኋል?» ይላሉ። ስለ ወረርሽኝና ስለ ክትባት የሚደረገው ሪፖርትም ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ የተሸጋገረበት አሠራር ተዘርግቷል።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ግልጽ ነው። የሚያማክረው ባልደረባ በቅርቡ የሌለው ሐኪም ብቸኝነቱ ይቀንሳል። ብቸኝነት ደግሞ በወረዳ ለሚሠራ ባለሙያ ከደመወዝ ማነስ ያልተናነሰ ችግር ነው። ማንም የማያየው፣ ማንም የማይጠይቀው ሐኪም ቀስ በቀስ ሁሉን በሽታ በኦክሲቴትራሳይክሊን ማከም ይጀምራል፤ ከብቱ ሲድን ለምን እንደ ዳነ፣ ሲሞትም ለምን እንደ ሞተ መጠየቁን ይተዋል።

መ. መንገዱ ካራቆሬ ላይ ሲደርስ

ይሁን እንጂ ከላይ የተዘረዘረው ሀብት ከዋና ከተማ ሲታይና ከይፋት ቆላ ሲታይ መልኩ አንድ አይደለም። አራት እንቅፋቶች ጎልተው ይታያሉ።

የመጀመሪያው መስመሩ ራሱ ነው። የይፋት ከተሞች በቅርብ ዓመታት ያሳለፉት መከራ የሚታወቅ ነው። በ2013 ዓ.ም. የጸደይ ወራት በአጣዬ፣ በካራቆሬና በአካባቢያቸው በደረሰው ጥቃት ሰው ሞቷል፤ ቤትና ንብረት ወድሟል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ በዚያው አውራ ጎዳና ላይ አልፏል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል አብዛኛው ስፍራ የስልክ ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ ቆይቷል። ትምህርቱ ሁሉ በመስመር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ባለሙያ በእንዲህ ያለው ዓመት ያለ መጽሐፍና ያለ መካሪ ይቀራል፤ በሽታው ግን አይቋረጥም። እንዲያውም መንጋ በሚሰደድበትና ክትባት በሚስተጓጎልበት ጊዜ ይብሳል።

ሁለተኛው ወጪው ነው። የአንድ ሰዓት ትምህርት በምስል ለመከታተል የሚያስፈልገውን ካርድ ባለሙያው ከገዛ ኪሱ የሚሞላ ከሆነ፣ ትምህርቱ ከልጆቹ ዳቦ ጋር ይፎካከራል።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ዲግሪ ያለው ሐኪም ቢያነበው እንኳ፣ ከብቱን በየቀኑ የሚያየው የጤና ረዳትና የቀበሌው ሠራተኛ ከጥቅሙ ይጎድላሉ። አርብቶ አደሩማ ፈጽሞ አይደርስበትም።

አራተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የከበደው፣ ይዘቱ ነው። በዓለም መረብ ላይ ያለው የእንስሳት ሕክምና ጽሑፍ በብዛት የተጻፈው በሀብታም አገሮች ስላሉ ውሾች፣ ድመቶችና የወተት ላሞች ነው። ስለ አፋር ግመል፣ ስለ ቆላ ፍየል፣ በማረሻ ቀንበር ስለ ቆሰለ በሬ ጫንቃ የሚናገረው ጥቂት ነው። ይህ ጉድለት በማንበብ ብዛት አይሞላም። የሚሞላው ከይፋት፣ ከአፋር፣ ከቦረና ያሉ ባለሙያዎች ያዩትን በጻፉ ጊዜ ብቻ ነው።

ሠ. ሊጠበቁ የሚገባቸው አደጋዎች

አዲሱ መንገድ የራሱ አደጋም አለው፤ ጥቅሙን ማመስገን አደጋውን ከመናገር ሊያግድ አይገባም።

የመጀመሪያው አደጋ ፎቶግራፍን እንደ ቤተ ሙከራ መቁጠር ነው። አፍንጫዋና ዓይኗ የሚፈስ፣ የሚያስቀምጣትና የምታስል ፍየል ፎቶግራፍ ቢላክ አሥር ባልደረቦች አሥር መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ደስታ መሰሉ በሽታ፣ ፓስቱሬሎሲስና ተላላፊው የፍየል ሳምባ በሽታ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ከዓይንና ከአፍንጫ የሚወሰድ ናሙና፣ ከሞተችውም የሚወሰድ የንፍፊት ቁራጭ ነው፤ ይህም ተጠብቆ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ሰበታ ቤተ ሙከራ መላክ አለበት። የባልደረባ ምክር ምን ናሙና እንደሚወሰድና እንዴት እንደሚላክ ሲነግር ጠቃሚ ነው፤ ናሙናውን ሲያስቀር ግን ጎጂ ነው።

ፎቶግራፍ በትክክል ሲሠራበት ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ አባ ሰንጋ ያሳያል። በይፋትም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ሊሞት የተቃረበን ከብት ሥጋው እንዳይጠፋ ብሎ ማረድ የተለመደ ነው። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈሰው ከብት ግን ፈጽሞ መከፈት የለበትም፤ ተሕዋሱ አየር ሲያገኝ ለብዙ ዓመታት በአፈር ውስጥ የሚኖር ዘር ይሆናልና። ሐኪሙ በጥንቃቄ ከጆሮ ሥር ጥቂት ደም ወስዶ በመስታወት ላይ ይቀባል፤ በሜቲሊን ሰማያዊ ቀለም ነክሮም በማይክሮስኮፕ ያያል። በዚያን ጊዜ የስልኩን ካሜራ በማይክሮስኮፑ መመልከቻ ላይ አድርጎ ያነሣው ምስል ልምድ ላለው የቤተ ሙከራ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊደርስ ይችላል። መልሱ እስኪመጣም ሥጋው እንዳይበላ፣ በድኑ እንዲቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር፣ የጤና ጣቢያውም እንዲያውቅ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ መስመሩ የሚያድነው ከብቱን ሳይሆን ሰውን ነው።

ሁለተኛው አደጋ ምንጩ ያልታወቀ ምክር ነው። በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ የመድኃኒት መጠን ሰንጠረዥ ማን እንዳዘጋጀው፣ ለየትኛው እንስሳ እንደ ሆነ፣ የመድኃኒቱ ብርታት ስንት እንደ ሆነ ካልተጻፈበት፣ ስም እንደ ሌለው ብልቃጥ ነው። ማንም ሐኪም ስም ከሌለው ብልቃጥ አይወጋም። ሰንጠረዡም የቱን ያህል ቀን ወተቱ መጠጣት፣ ሥጋውም መበላት እንደሌለበት ካልተናገረ ግማሹ ጠፍቷል። መድኃኒትን የተላመዱ ተሕዋስያን በሰው ሕክምና ላይም ችግር በሆኑበት በዚህ ዘመን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው አደጋ ወሬን ከሪፖርት ማምታታት ነው። ወረርሽኝ የጠረጠረ ባለሙያ በጓደኞቹ መካከል ተናግሮ ልቡ ሊያርፍ ይችላል፤ ነገሩ ግን በሕግ አልተነገረም። ስለ እንስሳት በሽታ መከላከልና መቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 267 በሽታን ማሳወቅን ግዴታ አድርጎ ነበር። የሕጉ ቁጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢለወጥም ግዴታው የሙያው መሠረት ስለሆነ አይለወጥም። በሌላ በኩል ያልተረጋገጠ የወረርሽኝ ወሬ የገበሬውን ስምና የመንደሩን ስም ይዞ በየስልኩ ቢዞር፣ በሚቀጥለው እሑድ በሰንበቴ ገበያ ላይ የአካባቢው ከብት ዋጋ ሊያጣ ይችላል። የባለንብረቱን ምስጢር መጠበቅ በጽሑፍም፣ በቃልም፣ በመስመርም ያው ነው።

ረ. ምን ይደረግ?

በብዙ አገሮች ከምረቃ በኋላ መማር በፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም። በብሪታንያ ሐኪሞችን የሚመዘግበው ንጉሣዊ ኮሌጅ እያንዳንዱ ሐኪም በዓመት 35 ሰዓት እንዲማር ይጠይቃል። በጎረቤታችን በኬንያና በደቡብ አፍሪካም የሙያ ቦርዶቹ ተመሳሳይ ግዴታ ጥለዋል። በአገራችንም የሰው ሕክምና ባለሙያዎች ፈቃድ ማሳደስ ከተከታታይ ትምህርት ጋር ተያይዟል። የእንስሳት ሕክምናም ከዚህ የሚርቅበት ምክንያት የለም። ግዴታ ግን ዕድል ሲኖር ነው ፍትሕ የሚሆነው። ለመማር መስመር የሌለውን ባለሙያ አልተማርህም ብሎ መቅጣት ጠላ ሳያቀርቡ አልጠጣህም ብሎ እንደ መውቀስ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያሉት ሐሳቦች ለጉባኤው ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ ለተከታታይ ትምህርት የሚዘጋጅ ነገር ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ሊሠራበት እንዲችል ሆኖ ይዘጋጅ። በድምፅና በጽሑፍ ተሠርቶ በፍላሽና በስልክ ሚሞሪ የሚገለበጥ፣ ከአንድ ባለሙያ ወደ ሌላው በእጅ የሚተላለፍ ይሁን። መስመር ሲኖር ይታደሳል፤ ሳይኖር ደግሞ ያገለግላል። በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በካራቆሬ ያሉ የጤና ኬላዎች እያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ ስብስብ በእጃቸው ቢኖራቸው፣ መስመር የተቋረጠበት ዓመት መካሪ የሌለበት ዓመት አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ዋና ዋናዎቹ በሽታዎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ይጻፉ። የበሽታዎቹ የአገር ስሞች በጥንቃቄ ይሰብሰቡ። አንድ ስም በደጋው አንድ በሽታ፣ በቆላው ሌላ በሽታ የሚባልበት ጊዜ አለና፣ ስሙን ሳያጣሩ መዝገብ መሙላት ውሸት መሙላት ነው።

ሦስተኛ፣ ባልደረቦች በመስመር በሚመካከሩበት ስፍራ ሁሉ ልምድ ያለው ሐኪም በተራ ኃላፊነት ይውሰድ። የእርሱም ሥራ ስም የሌለውን ሰንጠረዥ ማስቀረት፣ የባለንብረቱን ስም ማስጠበቅ፣ «ናሙና ወስደሃል? ሪፖርት አድርገሃል?» ብሎ መጠየቅ ይሆናል። ከዩኒቨርሲቲዎቹ፣ በተለይም ለይፋት ቅርብ ከሆነው ከወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኮምቦልቻውም ቤተ ሙከራ በዚህ ተግባር የሚተባበሩ ባለሙያዎች ቢገኙ ጥቅሙ ለሁለቱም ወገን ነው። ወረዳው ምክር ያገኛል፤ ተቋሙም የቆላውን በሽታ በዓይኑ ያያል።

አራተኛ፣ የወረዳው ባለሙያ ያየውን እንዲጽፍ ይበረታታ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ እንስሳው፣ ዕድሜው፣ ምልክቱ፣ የተሰጠው መድኃኒትና መጠኑ፣ ውጤቱ። ይህ ገጽ በትምህርት ሰዓትነት ይቆጠርለት። ንግግር ሰምቶ የተቀመጠ ሰው ሰዓት ሲቆጠርለት፣ ግመል መርምሮ የጻፈ ሰው ሳይቆጠርለት የሚቀር ከሆነ ሚዛኑ ተዛብቷል። ያልዳነው በሽተኛም ይጻፍ፤ ሌላው ሐኪም ያንኑ ስሕተት እንዳይደግም የሚያደርገው ከዳነው ይልቅ ያልዳነው ነውና።

አምስተኛ፣ የጤና ረዳቶችና የኅብረተሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ከዚህ ትምህርት ውጪ አይደረጉ። በአፋር ቆላ የደስታን በሽታ ያሳደዱት እነርሱ ናቸው። የበግና የፍየሉን በሽታ ለማጥፋት የሚደረገውም ዘመቻ ያለ እነርሱ ዳር አይደርስም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

የእንስሳት ሐኪም ከፋኩልቲ ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት ትምህርቱን ለመጀመር የሚያበቃ ፈቃድ ነው። ሊማርበት የሚገባው መንጋ በመንገድ ላይ ነው፤ ከጨፋ ወደ አፋር፣ ከአፋር ወደ ሰንበቴ ይጓዛል፤ በሽታውንም ይዞ ይጓዛል። ትምህርቱ ከመንጋው ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ሐኪሙ የሚያገኘው በድን ብቻ ነው። የስልኩም፣ የመስመሩም፣ የጉባኤውም፣ የዚህም መጽሔት ዋጋ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ በካራቆሬ ጤና ኬላ ደጃፍ ላይ የቆመው ባለ ፍየል ጥያቄውን ሲያቀርብ መልሱ ከእርሱ ቀድሞ ደርሶ እንደ ሆነ ነው። ይህን ማድረግ ለማኅበሩ የሚቻል ነገር ነውና፣ ሥራው በሚመጣው ጉባኤ ሳይሆን ከዚህ ጉባኤ ይጀመር።